ድምፆችን የሚያስማማው ስውር አገልጋይ

በኮምፒዩተሩ መዝሙር እያዳመጠ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው፥ በመካከሉ የመልእክት ደወል ሲያቃጭል ሰምቶ ወዲያው ባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር መነጋገር ቢጀምር፥ ሦስቱ ድምፆች ከአንድ ስፒከር ተስማምተው መውጣታቸውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥረዋል እንጂ፥ ከበስተኋላ ሆኖ ያለ ዕረፍት የሚያዋሕዳቸው ፕሮግራም መኖሩን ልብ አይለውም። ይህ አገልጋይ በዛሬ ዘመን ኮምፒዩተሮች ሁሉ አለ ማለት ይቻላል፤ አሠራሩ ለማንም ክፍት ሆኖ የሚመረመረው ግን ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ስለ ሆነ፥ የምናስተዋውቀው የዚያን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብዙዎቹ ድምፅ ካርዶች በር በአንድ ጊዜ የሚያስገባው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ ዘፈን ማጫወቻው ቀድሞ ከያዘው፥ ሌላው «ተይዟል» የሚል መልስ ተቀብሎ ድምፁን ሳያሰማ ይቀር ነበር። በ1998 የወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭና እርሱን የመሰሉ ካርዶች ማዋሐዱን በራሳቸው ቺፕ ያከናውኑ ነበር፤ ርካሾቹ ግን ይህ ጸጋ አልተሰጣቸውም። ስለዚህ በግብር አዳራሽ ደጃፍ እንደሚቆም አጋፋሪ፥ ካርዱን ብቻውን ይዞ የሚመጡትን ሁሉ በሥርዓት የሚያስተናግድ ፕሮግራም አስፈለገ።

ማዋሐድ ራሱ ከመደመር የተለየ ረቂቅ ጥበብ የለውም። ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ የአኃዝ ሰልፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 48,000 አኃዞች ይሰለፋሉ፥ እያንዳንዱም አኃዝ በ16 ቢት ሲጻፍ ከ32,767 ሊበልጥ አይችልም። በአንዲት ቅጽበት የመዝሙሩ አኃዝ 20,000፥ የደወሉ 15,000 ቢሆን ድምሩ 35,000 ይሆናል፤ ከወሰኑ ያለፈው ሲቈረጥም የሞገዱ ጫፍ ይላጭና ጆሮን የሚያውክ ሻካራ ድምፅ ይሰማል። አገልጋዩ ይህን ለመከላከል ስሌቱን በሰፊ አኃዝ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምም የየራሱን የድምፅ መጠን ይመድብለታል። በሲዲ የተቀዳው ዜማ በሴኮንድ 44,100 አኃዞች ብቻ ስላሉት፥ ሳይለወጥ ከ48,000ው ጋር ቢደመር ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማ ነበር፤ ስለዚህ አስቀድሞ እያንዳንዱ 147 አኃዝ በስሌት ወደ 160 ይለወጣል።

ከሁሉ የሚከብደው፥ እንደ እኔ አስተያየት የአገልጋዩ ብልኀት የሚመዘንበትም፥ የጊዜ ነገር ነው። ድምፁ ወደ ካርዱ የሚላከው ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ ነውና፥ ጥርቅሙ 1,024 አኃዝ ቢሆን የ21 ሚሊሴኮንድ ያህል መዘግየት ያመጣል። ጥርቅሙ ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፥ ባትሪም ይቈጠባል፤ ነገር ግን ኪቦርድ የሚጫወተው ሙዚቀኛ ጣቱ ካረፈ በኋላ ድምፁን ዘግይቶ ይሰማዋል። ሲያንስ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ቢዘገይ እንኳ ካርዱ የሚያሰማው ያጣና ድምፁ ይቈራረጣል።

ስለዚህ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ለሙዚቀኞች ፖል ዴቪስ የጀመረው ጃክ፥ መዘግየትን ለማሳጠር ሲል ሌላውን ሁሉ የሚሠዋ ሆነ፤ ለዘወትር ተጠቃሚ ደግሞ ጀርመናዊው ሌናርት ፖተሪንግ በ2004 የጀመረው ፐልስ ኦዲዮ ቀረበ። ከሊኑክስ ሥርጭቶች አንዱ የሆነው ፌዶራ በ2007 በስምንተኛው እትሙ ፐልስ ኦዲዮን መደበኛ ባደረገው ጊዜ የተጠቃሚው እሮሮ ብዙ ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ፥ ካርዶቹን ከሥርዓቱ ጋር የሚያገናኙት ድራይቨሮች ስለ ጊዜ የሚሰጡት መረጃ አስቀድሞም የተሳሳተ መሆኑና ይህን ያህል በመረጃው ላይ የተደገፈ ፕሮግራም እስኪመጣ ድረስ ሳይታወቅ መቈየቱ ነው፤ ፐልስ ኦዲዮም የሌሎችን ጉድለት ገልጦ ወቀሳውን ራሱ ተሸከመ።

ሁለቱን ያስታረቀው የዊም ታይማንስ ፓይፕዋየር ነው፤ ፌዶራ በ2021 በ34ኛው እትሙ ተቀብሎታል። ይህ አገልጋይ በፐልስ ኦዲዮም በጃክም ልሳን ስለሚመልስ፥ ለሁለቱ የተጻፉ ፕሮግራሞች ጌታቸው መለወጡን ሳያውቁ በአንድነት ይሠራሉ። ጥርቅሙንም እንደ ሥራው ጠባይ ይለዋውጠዋል፤ ፊልም ብቻ ሲታይ ያበዛዋል፥ ሙዚቀኛው ፕሮግራሙን ሲከፍት ያሳንሰዋል፥ ሲዘጋውም ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።