የስኳር በሽታ፣ የደም ቅባትና የዓይናችን ብርሃን

የቡለን ጎልማሳ ተማሪዎች፣ ፊደል የለያችሁት በዓይናችሁ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህንኑ ዓይን በዝምታ ስለሚጎዳው ስለ ስኳር በሽታ ነው።

የምንበላው ገንፎና እንጀራ በሰውነታችን ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩን ከደም ወደ አካላችን የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባል ቅመም ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ኃይሉ ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ ደም ተመርምሮ 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲደገምም እንደዚያው ከተገኘ፣ የስኳር በሽታ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው? በዓይናችን ውስጥ፣ ከበስተኋላ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። የሚመግቡት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ሥሮቹ ይዳከማሉ፤ እንደ ተሰነጠቀ እንስራም ያፈሳሉ። የሚወጣው ውኃና ደም ብቻ አይደለም። የደም ቅባትም አብሮ ይወጣና በሽፋኑ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በአሜሪካና በካናዳ በ1,441 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ሰዎች ዓይናቸው እጅግ ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። በ2010 ደግሞ ሌላ ጥናት ታተመ። የተለመደውን የቅባት መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከ1,000 ሰዎች በ102ቱ የዓይን ጉዳቱ በ4 ዓመት ውስጥ ባሰ። ፌኖፋይብሬት የሚባለው መድኃኒት ከተጨመረላቸው ግን በ65ቱ ብቻ ነው የባሰው። ይህን መድኃኒት የሚያዘው ግን ሐኪም ነው። ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አደጋ አለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ዓይኑ ደህና ቢመስለውም በየዓመቱ ይመርመር።
2. ስኳሩን፣ ቅባቱንና የደም ግፊቱን ያስለካ።
3. መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብሎ አያቋርጥ።
4. ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ይተው፤ ቅቤና የሚረጋ ዘይት ይቀንስ፤ በእግሩ ይሂድ።

አንዳንዶቻችን መጽሐፉን አርቀን ስንይዝ «ዕድሜ ነው» እንላለን። እርግጥ ነው፣ ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ መነጽርም ይበቃዋል። ነገር ግን ዕድሜ ይሁን ስኳር የሚለየው ምርመራ ነው። በግምት አይታወቅም።

መጀመሪያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍሎች አሉ። ከቡለን መንገዱ ሩቅ ነው እኮ! ቢሆንም ጨረሩ የቀረውን ብርሃን ያተርፋል እንጂ የጠፋውን ብዙ ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ሳይጨልም መሄድ ነው።

በሉ፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ዛሬ ማታ አንብቡለት። ደህና ሁኑ።