ከ28ኛው ቀን በፊት፦ የቅድመ እርግዝና ትምህርትና አብሮ የሚወለድ የአካል ጉድለት



አብሮ የሚወለድ የአካል ጉድለት ብዙ ዓይነት ነው። እኔ ዛሬ የማተኩረው በአብዛኛው ልንከላከለው በምንችለው በአንዱ፣ በነርቭ ቱቦ ክፍተት ላይ ነው።

የነርቭ ቱቦ ወደፊት አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው የጽንሱ ክፍል ነው። ጽንሱ ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ ተዘግቶ ያልቃል። ከታች ሳይዘጋ ቢቀር ሕፃኑ ስፓይና ቢፊዳ ይዞ ይወለዳል፤ ከላይ ሳይዘጋ ቢቀር ግን በሕይወት ሊቆይ አይችልም። 28ኛው ቀን የሚውለው የወር አበባ ከቀረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ የነበራቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ለማንኛዋም ማርገዝ ለምትችል ሴት የሚመከረው መጠን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። ጎመን፣ ምስርና ሽምብራ ፎሌት አላቸው፤ ነገር ግን ፎሌት በሙቀት ስለሚጠፋና በመቀቀያው ውኃ ስለሚሟሟ ምግብ ብቻውን አይበቃም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በትግራይ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች በ131ዱ ችግሩን አግኝቷል። የ2019 አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ያመለክታል። የአይረን ፎሌት እንክብል በክትትል ክፍል ሲሰጥ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ቱቦው ግን አስቀድሞ ተዘግቷል፤ አለዚያም ሳይዘጋ ቀርቷል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከክትትል ክፍል መውጣት አለበት። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ምቹ በሮች አሉ። በክንዷ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጣ የመጣች ሴት ልጅ ልትወልድ አስባ ሊሆን ይችላል፤ እንክብሉ ያን ዕለት ይሰጣት። ልጇን ልታስከትብ የመጣች እናትም እንዲሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ከአዲስ ተጋቢዎች ጋር ይነጋገሩ፤ የሃይማኖት አባቶችም በጋብቻ ምክራቸው ያንሡት።

ከትምህርት ጎን ምግብን ማበልጸግ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ይሁን እንጂ በቆሎዋንና ጤፏን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭ የመቂ ገበሬ ሚስት የፋብሪካ ዱቄት እምብዛም አትገዛም። ጨው ግን ሁሉም ቤት ይገባል፤ በአዮዲን የተጀመረውን መንገድ በፎሊክ አሲድ የመቀጠሉ ሐሳብም የመነጨው ከዚህ ነው።

በመጨረሻም፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት እርግማን እንደደረሰባት ሲነገራት እንሰማለን። ችግሩ የእርሷ ኃጢአት አይደለም፤ ምክሩ በጊዜው እንዲደርሳት ማድረግ ግን የእኛ የተማርነው ሰዎች ኃላፊነት ነው።