የግሪክ ፍልስፍናና የክርስትና አስተሳሰብ፦ ከመፍረዳችን በፊት ልናውቀው የሚገባ

 



የዛሬውን ርዕስ የሰጠኝ አንድ ወጣት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለእረፍት ወደ ሮቤ በመጣበት ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ ጠጋ አለኝና «ሼኽ፣ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ» አለኝ። ጎባ ከልጅነት ጓደኛው ቤት ቡና ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ዞረ። ልጁም በስልኩ የሰማውን ይዞ «የእናንተ ሃይማኖት ከፕላቶና ከአርስጣጣሊስ የተቀዳ የግሪክ ፍልስፍና ነው» አለ። ጓደኛው ደግሞ «ኢብን ሲናስ የማንን መጽሐፍ ሲያነብ ነበር ያደገው?» ሲል መለሰለት። ልጁ የሚለው ጠፋው። የጓደኛው እናት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከልጃቸው ሳይለዩ ያበሉት ሴት፣ ተቀየሙት። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ወጥቶ ሄደ።

«ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «መልሱን ከመፈለግህ በፊት የተናገርከውን ነገር ታውቀዋለህ?» አልኩት። በእውነት አያውቀውም ነበር። ብዙዎቻችንም አናውቀውም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ነገሩ እውነትነት አለውን?

በከፊል አለው። ክርስትና በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የተስፋፋው የተማረ ሰው ሁሉ ግሪክኛ በሚያነብበት ዓለም ነው። በዚያ ዘመን ተማረ ማለት ፕላቶንና አርስጣጣሊስን አነበበ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ165 ገደማ በሮም የተገደለው ዮስጢኖስ ክርስቲያን ከሆነ በኋላም የፈላስፎችን ካባ አላወለቀም ይባላል። በእስክንድርያ ከተማ ቀለምንጦስና ከእርሱ በኋላ የተነሳው ኦሪገን ፍልስፍናን ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ እንደ መሣሪያ ተጠቀሙበት። በሌላ በኩል የካርታጎው ተርቱሊያን የአቴና ፈላስፎች ለሃይማኖት ምን ይፈይዳሉ ብሎ አጥብቆ ተቃውሟል። እንግዲህ ክርክሩን የጀመርነው እኛ አይደለንም። እነርሱው በመካከላቸው ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ዋናው ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ ነው። ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብሎ ሲወስን የተጠቀመበት «ሆሞኡሲዮስ» የሚለው የግሪክ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። በዚያው ዘመን የነበሩ ብዙ ጳጳሳትም በዚህ ምክንያት ቃሉን አልወደዱትም። ደጋፊዎቹ ደግሞ ቃሉን የወሰድነው የነበረንን እምነት በትክክል ለመግለጽ ነው እንጂ እምነቱን ከፈላስፎች አላመጣነውም ብለዋል። ዛሬም ክርስቲያን ሊቃውንት የሚሉት ይህንኑ ነው።

ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። አርዮስን ከፍልስፍና የነጻ ሙወሒድ አድርገው ያነሱታል። አርዮስ ግን የእስክንድርያ ቄስ ነበር። እርሱም የተከራከረው በግሪክኛ፣ ከፈላስፎች ዘንድ በተለመዱ ቃላት ነው። ወልድ ፍጡር ነው ቢልም ከዓለም በፊት የተፈጠረና ዓለም በእርሱ አማካይነት የተገኘች ነው ይል ነበር። ይህ የእኛ ዐቂዳ አይደለም። እንግዲህ ኒቅያ ላይ ፍልስፍና በአንድ ወገን፣ ጥራት በሌላ ወገን ተሰልፈው አልነበረም። ቋንቋው የሁለቱም ወገን ነበር።

ወደ አገራችን የገባበት የመጀመሪያው በር

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በግዕዝ ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ድንጋይ ላይ አስጽፏል። የአክሱም ገንዘብም የግሪክ ፊደል ነበረበት። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ እርሱ ራሱ ከአርዮስ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በዋናነት ከግሪክኛ ነው።

ከዚያው ዘመን ከግሪክኛ ከተተረጎሙት መጻሕፍት መካከል ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው «ቄርሎስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ444 በሞተው በእስክንድርያው ጳጳስ ቄርሎስ ስም የሚጠራ የሃይማኖት ክርክሮች ስብስብ ነው። ሁለተኛው «ፊሳልጎስ» ነው። ስለ አንበሳ፣ ስለ ወፎች፣ ስለ ዕፀዋትና ስለ ድንጋዮች እያወራ ከእያንዳንዱ ምክር የሚያወጣ መጽሐፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቲያኖች እንደገና ሲለያዩ የግብፅና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጉባኤውን ውሳኔ አልተቀበሉም። የመለያያቸው ቃላት በግሪክኛ «ሂፖስታሲስ»ና «ፊሲስ» ነበሩ። በግዕዝ «አካል»ና «ባሕርይ» ተባሉ። ዛሬ ጎረቤታችን ቄስ ስለ ተዋሕዶ ሲያስተምሩ እነዚህን ሁለት ቃላት ሳያነሱ አይውሉም። ባሌ ደጋ ላይ በአማርኛ የምንሰማቸው ቃላት በእስክንድርያ አደባባይ የተፈተጉ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው በር

አሁን የምናገረው ልጁን ያስደነቀው ነገር ነው። የግሪክ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ለሁለተኛ ጊዜ የገባው በዓረብኛ በኩል ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ፣ በተለይም በኸሊፋው አል-መእሙን (813–833) ጊዜና ከዚያ በኋላ፣ የግሪክ መጻሕፍት በብዛት ወደ ዓረብኛ ተተረጎሙ። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ የላቀው ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ (809–873) ክርስቲያን ሐኪም ነበር። የሙስሊም ኸሊፋዎች ደመወዝ እየከፈሉት የጋሊኖስን የሕክምና መጻሕፍት አስተርጉመውታል። ይኸው ሰው የፈላስፎችን ምክርና አባባል የያዘ ስብስብ አዘጋጀ። በዚህ መንገድ የመጣው የፈላስፎች አባባል በግብፅ ክርስቲያኖች እጅ አልፎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አባ ሚካኤል በተባሉ ሰው ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰና «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ተባለ። ሶቅራጥስ፣ ፕላቶና አርስጣጣሊስ በዚህ መጽሐፍ እንደ መምህራን ይናገራሉ፤ ከእነርሱም ጎን ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ይጠቀሳሉ።

ይህን መጽሐፍ ለዓለም ያስተዋወቁት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ባሳተሟቸው አምስት ቅጾች ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አሳይተዋል። የኢትዮጵያ ተርጓሚዎች ያገኙትን ቃል በቃል አልገለበጡም፤ ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ለአገራቸው ሰው በሚስማማ መንገድ ለወጡት። በኮሌጅ ሳለሁ ይህን ሳነብ ግሪካዊው አረማዊ፣ የባግዳዱ ክርስቲያን፣ የሙስሊሙ ኸሊፋና የኢትዮጵያው መነኩሴ በአንድ መጽሐፍ ላይ እጃቸውን እንዳኖሩ ገባኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አብዝተው የሚጠቅሱት «ሃይማኖተ አበው»ም ወደ ግዕዝ የመጣው ከዓረብኛ ነው። በአውሮፓም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩይናስ (1225–1274) አርስጣጣሊስን ሲያጠና የእኛን የኢብን ሩሽድን ማብራሪያ ይጠቀም ነበር። ከአንዳንድ ሐሳቦቹ ጋር ቢጣላም ስሙን ሳይጠራ «አብራሪው» እያለ ይጠቅሰው ነበር።

በእኛስ ቤት?

ደረሳ ሳለሁ ከነሕውና ከፊቅህ በኋላ ሸይኻችን መንጢቅ አስቀሩን። የመጀመሪያው ኪታብ የአል-አብሀሪ «ኢሳጉጂ» ነበር። ዓረብኛ የማይመስል ስም ስለሆነብኝ ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። «የግሪክ ቃል ነው፣ መግቢያ ማለት ነው» አሉኝ። ስሙ የመጣው ፎርፎሪዮስ የተባለው ፈላስፋ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ለአርስጣጣሊስ ከጻፈው መግቢያ ነው። እኔ መስጊድ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ግሪክ እየቀራሁ ነበር!

ዑለማዎቻችን በዚህ ጉዳይ አንድ አቋም አልነበራቸውም። አል-ፋራቢና ኢብን ሲና ፍልስፍናን ተቀበሉ። ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111) ፈላስፎቹን በ20 ጉዳዮች ሞግተው በሦስቱ ከእምነት አስወጧቸው፤ መንጢቁን ግን አልጣሉትም፣ እንዲያውም በኡሱል ኪታባቸው መግቢያ ላይ አስቀመጡት። ኢብን ሩሽድ ለገዛሊ መልስ ጻፉ። ኢብን ተይሚያ ደግሞ መንጢቁንም ነቀፉ።

አሳዛኝ ገጽም አለን። ያው መጻሕፍት አስተርጓሚው አል-መእሙን እ.ኤ.አ. በ833 ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን የሙዕተዚላ አስተምህሮ በዑለማዎች ላይ በግዴታ ጫነ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል አሻፈረኝ ብለው ታሰሩ፤ በተከታዩ ኸሊፋ ዘመንም ተገረፉ። በአገራችንም በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲያካሂዱ ክርስቲያኖች ስለ አካልና ባሕርይ የነበራቸው የቆየ ክርክር በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሱ ታዘዙ። በሁለቱም ቦታ ሰው የተጎዳው ስለ ተፈላሰፈ አይደለም። ክርክሩ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ አለንጋ ስለተዛወረ ነው።

በሬውና ዘሩ

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። እርሱ የገበሬ ልጅ ስለሆነ በሚገባው ነገር ነገርኩት። «አባትህ አንድ በሬ ሲጎድለው ከጎረቤት ተውሶ ያርሳል። የተዘራው ስንዴ የማን ነው?» «የአባቴ ነው» አለኝ። «እንግዲህ የሰውን እምነት ለመመርመር ከፈለግህ ዘሩን ጠይቅ፤ በበሬው ብቻ አትፍረድ» አልኩት። እርግጥ ነው፣ በሬውም ትልሙን ያጣምማል። የተዋስነው ቃል ሳናውቀው ሐሳባችንን ሊመራው ይችላል። አል-ገዛሊ የፈሩት ይህን ነው፤ ተርቱሊያንም የፈራው ይህን ነው። ስለዚህ መመርመር ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል ከየት እንደመጣ ማወቅ ቃሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን አይፈታም። ቢፈታማ ኖሮ የጓደኛው ጥያቄ እኛንም ይጥለን ነበር።

እኛ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ያለን ልዩነት ግልጽ ነው፤ መሸፋፈንም አያስፈልገውም። ዒሳ (ዐ.ሰ.) የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ናቸው እንላለን። ይህን የምንለው ቁርኣን ስላስተማረን እንጂ ፕላቶ ስለተረታ አይደለም። ሙግት ካስፈለገ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ከመጽሐፉ ሰዎች ጋር በመልካሚቱ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር አዞናል። ያላነበቡትን መጽሐፍ በሰው ቤት፣ በሰው ቡና ላይ መሳደብ ከመልካሚቱ መንገድ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን በስልክ ሁለት ደቂቃ የሰሙትን ይዘው ወደ ጎረቤት እንዳይሮጡ እንምከራቸው። መጀመሪያ የራሳቸውን ዲን በወጉ ይማሩ። ስለ ሌላው መናገር ሲፈልጉ የሌላውን ሊቅ ቃል ከራሱ ይስሙ። አላዋቂ ተሟጋች በዲኑ ላይ ጠላት ያፈራል እንጂ ሰው አይመልስም።

ልጁን «መጀመሪያ ወደ እናቲቱ ሂድ» አልኩት። ሄደ። ይቅርታ ጠየቀ። በሳምንቱ ተመልሶ ሲነግረኝ ከጓደኛው ጋር ገና እንደሚከራከሩ፣ አሁን ግን ስለ ኒቅያም ስለ ገዛሊም እየጠየቁ እንደሆነ አጫወተኝ። ቡናውስ? አልኩት። «ሦስተኛውም ተጠጣ፣ ሼኽ» አለኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ምላሳችንንም ከጉዳት ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።