ያያችሁትን ጻፉ



የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሩዝ ወሰደ እንበል። የቀበሌው ጸሐፊ እናንተ ናችሁ። አለቃችሁ፣ «ጉዳቱን አሳንሳችሁ ጻፉ፤ ስማችን ይጠፋል» ቢላችሁስ?

ታዛዥነት ደግ ነው። ያለ ትእዛዝ የመንግሥት ሥራ አይሄድም። ነገር ግን ወሎን አስታውሱ። በ1965 ዓ.ም. ሰው በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ይደብቅ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አነሡ፤ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። ደመወዛቸው ከመንግሥት ነበር፤ ኅሊናቸው ግን ዝም አላለም።

መሥሪያ ቤት የቆመው ለሕዝብ ነው። ቁጥር ሲጎድል የእርዳታው እህልም ይጎድላል። አለቃ ሊቆጣ ይችላል። እናንተ ግን በትሕትና፣ «ያየሁት ይህ ነው» በሉ። ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ግልባጩን አስቀምጡ። አለቃ ይቀየራል፤ መዝገብ ይቀራል።

ደኅና እደሩ።