ከብጣሽ ጨርቅ የትራስ ልብስ ስለ መስፋት

ብጣሽ ጨርቅን አጋጥሞ የትራስ ልብስ መስፋት ሲባል ብዙ ሰው ድሪቶ ይመስለዋል። ነገር ግን ድሪቶ የሚደረተው ቀዳዳ ለመድፈን ነው፤ ይህ ግን አስቀድሞ ተለክቶ የሚቈረጥ ነው። ጀማሪም አብዝቶ የሚስተው በመርፌው ሳይሆን በመቀሱ ነው።

ጨርቁ ሁሉ አስቀድሞ ይታጠብ፤ አዲስ አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባልና። ካኪ ከስስ ጨርቅ ጋራ አይሰፋ።

ከዚህ በኋላ ከወፍራም ወረቀት ወርዱም ቁመቱም 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ መለኪያ ተበጅቶ፥ 16 ቁራጭ በዚሁ ብቻ በድሩና በማጉ መንገድ ይቈረጥ፤ በሰያፍ የተቈረጠ ይለጠጣልና። በየጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 10 ይቀራል፤ አራት አራቱ በ4 ረድፍ ተጋጥመው ጀርባው ሲሰፋላቸውም 40 በ40 የሆነ የትራስ ልብስ ይወጣል። በየቁራጩ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የጐደለ እንደ ሆነ ግን በረድፉ ዳር 8 ሚሊ ሜትር ይጐድላል፤ ማዕዘኖቹም አይገናኙም። መምህሩ ይህን በሒሳብ ሰዓት ቢያሳይ መልካም ነው።

ቁራጮቹ ፊት ለፊት ተደርበው በመጀመሪያ በየረድፉ፥ ኋላም ረድፍ ከረድፍ ይሰፋሉ። የአንዱ ረድፍ የስፌት ጠርዝ ወደ ቀኝ፥ የተከታዩ ወደ ግራ በጥፍር ተጭኖ ይተኛ፤ እንዲህ ሲሆን መጋጠሚያው አያብጥም። ማዕዘኑ ያልገጠመለት ተማሪ ስፌቱን ፈትቶ እንደ ገና ይስፋ እንጂ ጨርቁን ስቦ አያድርስ፤ የተሳበው በታጠበ ጊዜ ይጣመማልና።