የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ፦ ማን ይከፍላል? ለማንስ ይውላል?

በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች የሚያገለግሉ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ባለሙያዎች የጡረታ መብት በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይመራል። ይህ ጽሑፍ የመዋጮውን አከፋፈልና በወጪው ላይ የሚነሱ ሐሳቦችን ያብራራል።

የመዋጮ መጠን

ሲቪል ሠራተኛ ከወር ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ያዋጣሉ። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ነው። ስለሆነም ደመወዙ 10,000 ብር ለሆነ መምህር ከራሱ 700 ብር፣ ከወረዳው በጀት 1,100 ብር ገቢ ይደረጋል።

የሚነሳው ክርክር

የወረዳ በጀት ከክልሉ ከሚመደብ ድጎማና ከአካባቢው ከሚሰበሰብ ገቢ የሚገኝ በመሆኑ ነጋዴውም ሆነ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ግብር የሚከፍለው አርሶ አደር ለዚህ ወጪ ድርሻ አላቸው። አርሶ አደሩ ራሱ በዚህ ዐቅድ ያልተሸፈነ በመሆኑ ጥያቄ ማንሳቱ ተገቢ ነው። በሌላ በኩል የአሠሪው መዋጮ ችሮታ ሳይሆን ሠራተኛው አገልግሎት በሰጠበት ወቅት ያገኘውና ለእርጅናው የተላለፈ የድካሙ ዋጋ እንደሆነ ይታመናል።

የአበል ስሌት

ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና 60 ዓመት የሞላው ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህም 30 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በወር 5,500 ብር ይታሰብለታል።

ስሌቱ በመጨረሻ ደመወዝ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ደመወዝ ዝቅተኛ በነበረበት ዘመን ጡረታ የወጡ ዜጎች የኑሮ ውድነቱ የበለጠ ይከብዳቸዋል። አበሉን ለማሻሻል የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ከፈንዱ ገቢ፣ ከመዋጮ ጭማሪ ወይም ከመንግሥት በጀት መገኘት ስለሚኖርበት ውሳኔው ጡረተኛውን፣ ሠራተኛውንና ግብር ከፋዩን በእኩል ዓይን ማየትን ይጠይቃል።

ከሠራተኛው የሚጠበቅ

ዕድሜ የሚያዘው በመጀመሪያ ቅጥር ወቅት በተመዘገበው መሠረት ስለሆነ ሠራተኞች የግል ማኅደራቸውንና የአገልግሎት ዘመን መረጃቸውን ጡረታ ከመውጣታቸው አስቀድመው በመሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍል እንዲያረጋግጡ ይመከራል።