ሁለት ሞተር ሁልጊዜ ከአንድ ይበልጣል? የኤሮ ኮማንደር ትምህርት

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። ባለሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ስትሳፈሩም ይኸው ሳይታሰባችሁ አይቀርም፤ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው አለ! ነገሩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ኤሮ ኮማንደርን እንውሰድ። ክንፉ ከላይ የሆነው ይህ አሜሪካ ሠራሽ ባለፒስተን አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ነጋዴዎች ወደዱት፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ለአጫጭር ጉዞ ተጠቀሙበት። አምራቾቹ አስተማማኝነቱን ለማሳየት የአንዱን ሞተር ፕሮፔለር ፈትተው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ጭነው፣ ከኦክላሆማ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ሞተር በረሩ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። የሁለቱ ሞተሮች ጉልበት በድምሩ 100 ነው እንበል። አውሮፕላኑ ከፍታውን ሳይለቅ ለመብረር ብቻ 45 ይፈልጋል። ወደ ላይ ለመውጣት የሚተርፈው 55 ነው። አንዱ ሞተር ሲጠፋ 50 ይቀራል፤ ከዚያ ላይ 45 ሲቀነስ የሚተርፈው 5 ብቻ! ጉልበቱ በግማሽ ቀነሰ፤ የመውጣት አቅሙ ግን ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ያቺኑ 5 ደግሞ የጠፋው ሞተር ፕሮፔለር በነፋስ እየተሽከረከረ የሚፈጥረው ጉተታ ሊበላት ይችላል። አብራሪው የፕሮፔለሩን ምላጮች ጠርዛቸው ነፋሱን እንዲሰነጥቅ ቶሎ የሚያዞራቸው ለዚህ ነው። በዚያ ትርኢት ግን ፕሮፔለሩ ጭራሽ ስለተፈታ የሚጎትት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው አደጋ መጠምዘዝ ነው። የሚሠራው ሞተር ያለው በአንድ ወገን ስለሆነ አፍንጫውን ወደጠፋው ሞተር ይገፋዋል። አብራሪው ይህን የሚቋቋመው በእግሩ በሚያዘው የጅራት መሪ ነው። የመሪው ኃይል የሚመጣው ከነፋሱ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነቱ ከተወሰነ ወሰን በታች ከወረደ መሪው ይሸነፋል፤ አውሮፕላኑም ሊገለበጥ ይችላል። ይህ ከተነሣ በኋላ ወዲያው፣ መሬት ቅርብ ሳለ ከደረሰ፣ ለማረም ጊዜ የለም።

ሦስተኛው የጋራ ጠንቅ ነው። ዕውቁ የትርኢት አብራሪ ቦብ ሁቨር የኤሮ ኮማንደርን ሁለቱንም ሞተሮች አጥፍቶ፣ በአየር ላይ ተገለባብጦ፣ በሰላም ያርፍ ነበር። አንድ ቀን ግን በቤንዚን ፈንታ የጄት ነዳጅ ተሞላለትና ሁለቱም ሞተሮች ከዳቱት። አብራሪውም ተሳፋሪዎቹም ተረፉ። ከዚያ በኋላ የጄት ነዳጅ ቱቦ አፍ ወደ ቤንዚን ታንክ እንዳይገባ የሚያደርግ ዘዴ በሱ ስም ተጠራ። ሞተሮቹ ሁለት ቢሆኑም የሚጠጡት ነዳጅ አንድ ነው።

ዕድሜም አለ፤ በነዚህ አውሮፕላኖች የክንፍ ዋልታ ላይ በሚደርስ ዝገትና ስንጥቅ ምክንያት የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ፍተሻ አዟል።

ስለዚህ የትንሽ አውሮፕላን ደኅንነት ሲነሣ «ስንት ሞተር አለው?» ብላችሁ አታብቁ። «በዚህ ጭነትና በዚህ ሙቀት፣ በአንዱ ብቻ መውጣት ይችላል? አብራሪውስ በቅርቡ ተለማምዶታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ሞተር መድኃኒት የሚሆነው ለዚህ መልስ ሲኖር ነው።